ለእንጨት ሲኤንሲ የትኛው ሶፍትዌር? ቪካርቭ፣ ፊውዥንና ፍሪካድ በአንድ የበር ሥራ ሲመዘኑ

በአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየተመራ እንጨት የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን) ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ከቻይና የሚመጣው፣ ጠረጴዛው 1300 በ2500 ሚሊ ሜትር የሆነው ማሽን ነው። ገዢው ማሽኑን ሲመርጥ ስለ ስፒንድሉ፣ ማለትም መቁረጫውን ቢት ስለሚያሽከረክረው ክፍል፣ ጉልበት፣ ስለ ሞተሮቹና ስለ ሐዲዱ ጥንካሬ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ስለ ሶፍትዌሩ ግን ሻጩ በፍላሽ ከሚሰጠው ቅጂ አልፎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው። ሰሌዳ ሲበላሽ፣ ሥራ ሲጓተት፣ ደንበኛ ዕቃውን ሲመልስ ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ደጋግሞ የሚገኘው ዲዛይኑ በተሠራበትና የቢቱ መንገድ በተሰላበት ሶፍትዌር ዘንድ ነው። ስለዚህ ይህ ምርጫ የማሽኑን ግዢ ያህል ሊታሰብበት ይገባል።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በር፣ ቁም ሳጥን፣ ኪችን ካቢኔት፣ የአልጋ ራስጌና የጽሑፍ ሰሌዳ ለሚሠራ ሥራ ቤት ቀዳሚ ምርጫዬ የቬክትሪክ ኩባንያ ቪካርቭ ፕሮ ነው። ለሶፍትዌር የሚያወጣው ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ነጻ የሆኑትን ኢንክስኬፕን (የሥዕል ሶፍትዌር ነው) እና ፍሪካድን አጣምሮ፣ ብዙ ትዕግሥት ጨምሮበት፣ አብዛኛውን ሥራ ሊወጣው ይችላል። የአውቶዴስክ ፊውዥን በራሱ መስክ ከሁለቱም የላቀ ነው፤ መስኩ ግን የቀረጻና የጽሑፍ ሥራ አይደለም። ይህን ፍርድ ለመደገፍ የሶፍትዌሮቹን የገጽታ ዝርዝር ከመደርደር ይልቅ አንድ ሥራ ይዤ ሦስቱን በእሱ ላይ እመዝናለሁ።

ሥራው የሚከተለው ነው። 900 በ2100 ሚሊ ሜትር የሆነ የመግቢያ በር፤ መሃሉ ላይ የሚገባ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ፤ በሰሌዳው ላይ በሁለቱም ፊት «ቤተ ሰላም» የሚል የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ፤ ዙሪያውን በብራና መጻሕፍት ላይ እንደምናየው ያለ ሐረግ፤ ከጽሑፉ በላይ ደግሞ 400 በ400 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎልቶ የሚወጣ የስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) ጌጥ። ይህን መሰል ትእዛዝ በስልክ ከተላከ አንድ ፎቶግራፍ ጋር የሚቀበል ባለሙያ ብዙ ነው፤ በውስጡም ከተራ ቁርጥ አንሥቶ እስከ ስሪዲ ቀረጻ ያለው ሁሉ ስለሚገኝ ጥሩ መመዘኛ ነው።

ከዲዛይኑም በፊት መታየት ያለበት ማሽኑ የሚረዳው ቋንቋ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንደኛው ቅርጹን መሣል ሲሆን፣ ሁለተኛው ቢቱ በየት በኩል፣ በምን ጥልቀትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ማስላት ነው። የዚህ ስሌት ውጤት ቱልፓዝ ይባላል። ቱልፓዙ ወደ ማሽኑ የሚደርሰው ፖስት ፕሮሰሰር በሚባለው ተርጓሚ በኩል ጂ-ኮድ፣ ማለትም ማሽኑ የሚያነበው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ሆኖ ነው። ማክ3 የተባለውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚጠቀም ማሽን፣ ኤንሲስቱዲዮ የሚጠቀም ማሽን፣ በፍላሽ ፋይል የሚቀበል ባለ ዲኤስፒ የእጅ መቆጣጠሪያ ማሽንና በግርብል ቦርድ የሚሠራ ትንሽ ማሽን እያንዳንዳቸው ጥቂት የሚለይ ጂ-ኮድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት ለያዙት መቆጣጠሪያ የሚሆን ፖስት ፕሮሰሰር እንዳለው ማረጋገጥ ከሁሉ ይቀድማል። ፖስቱ ሲመረጥ ደግሞ መለኪያው ሚሊ ሜትር መሆኑ ይታይ። በኢንች የወጣውን ፋይል ማሽኑ ሚሊ ሜትር አድርጎ ካነበበው ሥራው በ25.4 እጥፍ ያንሳል፤ ተቃራኒው ከሆነ ግን ስፒንድሉ ከጠረጴዛው ዳር እስኪጋጭ ይሄዳል። በዚህ በኩል ቪካርቭና ፊውዥን ሰፊ ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ ፍሪካድ ለግርብል፣ ለሊኑክስሲኤንሲና ለማክ3 የሚሆን አለው፣ ለሌላው ግን ፖስቱን ማስተካከል የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ጽሑፉ እንግባ፤ የሶፍትዌሮቹ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነውና። ፊደል በእንጨት ላይ የሚቀረጸው በአብዛኛው ጫፉ ሹል በሆነ የቪ ቢት ነው። ሶፍትዌሩ የፊደሉን መስመር ግራና ቀኝ ዳር አይቶ ቢቱን በመካከል ያስኬደዋል፤ መስመሩ ሲሰፋ ቢቱ ይወርዳል፣ ሲጠብ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ጥልቀቱን የሚወስነው የመስመሩ ስፋትና የቢቱ ማዕዘን ነው። የፊደሉ መስመር 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው በ90 ዲግሪ ቢት 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በ60 ዲግሪ ቢት ግን 10.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። የእኛ ሰሌዳ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጽሑፉም በሁለቱም ፊት ነው። በ60 ዲግሪ ቢት ከሁለቱ ወገን የሚወርደው ሲደመር ከ20 ሚሊ ሜትር ይበልጣልና፣ ሁለቱ ቀረጻዎች አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ሰሌዳው ይበሳል። በ90 ዲግሪ ቢት ግን መሃል ላይ 6 ሚሊ ሜትር እንጨት ይቀራል። ቪካርቭ ይህን በቅድመ እይታው ላይ በግልጽ ያሳያል፤ ደግሞም ጠፍጣፋ ጥልቀት የሚባለውን ምርጫ ሰጥቶ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይወርድ ማዘዝ ያስችላል፤ ሰፊውን ወለል በጠፍጣፋ ቢት፣ ዳሩን በቪ ቢት እንዲሠራም ሁለቱን ቱልፓዞች በአንድ ትእዛዝ አስልቶ ለየብቻ ያወጣል። የዚህ ሶፍትዌር ስም ከዚሁ ሥራ መወሰዱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቪ ቀረጻ ላይ ካየኋቸው ሁሉ ፈጣኑና ጥርት ያለ ማዕዘን የሚሰጠው እሱ ነው።

የግዕዝ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። «ቤ» ከእግሯ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀለበት እንይ። ፊደሉ 100 ሚሊ ሜትር ቁመት ሲኖረው ቀለበቷ ውስጥ የሚቀረው እንጨት 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ይህ ምንም አይለውም። ያው ጽሑፍ ለትንሽ ሰሌዳ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ግን የቀለበቷ ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ይሆንና፣ ቃጫው ወደ ጎን በሚሄድበት ቦታ ላይ ቢቱ ሲያልፍ ተነቅሎ ይወጣል፤ «ቤ» ቀለበቷ ተደፍኖ ሌላ ነገር ትመስላለች። በ«ም» ሁለት ክቦችም፣ በ«ወ»ም፣ በ«ፀ»ም ያው ነው። መፍትሔው የፊደሉን ነጥቦች በእጅ አንሥቶ ቀለበቱን ማስፋት ሲሆን፣ ለዚህ የሚያገለግለው የነጥብ ማረሚያ በቪካርቭም በኢንክስኬፕም ውስጥ አለ። ፊደሉ በሰሌዳው ውስጥ አልፎ እንዲቆረጥ ከተፈለገ ደግሞ የክቦቹ መሃል ወድቆ እንዳይቀር ድልድይ መሣል ግድ ነው፤ ይህን ለሶፍትዌሩ መተው አይቻልም፣ ሰው ነው የሚያየው።

ስለ ፊደል ገበታም አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌ ፋይሎች ላይ የሚገኙት የፓወር ግዕዝና መሰል ፎንቶች ዩኒኮድ (ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነው የፊደል አሠራር) ያልሆኑ ስለሆኑ፣ ጽሑፉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ፎንቱ ከሌለ ወደ ላቲን ምልክት ይለወጣል። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ዩኒኮድ ናቸው። ለቪ ቀረጻ የምመርጠው ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ነው፤ መስመራቸው አንዴ ወፍሮ አንዴ ስለሚቀጥን ጥልቀቱም አብሮ ይለዋወጣል፣ በመቃ ብዕር የተጻፈ ያህል ሕይወት ይሰጠዋል። ኖቶ ሳንስ እኩል መስመር ስላለው ለቢሮና ለመንገድ ምልክት ይስማማል። የትኛውም ቢመረጥ፣ ጽሑፉን ወደ ቬክተር (በመስመርና በነጥብ ወደተሣለ) ቅርጽ ቀይሮ በኤስቪጂ ወይም በዲኤክስኤፍ ፋይል ማስቀመጥ አስተማማኝ ነው፤ በኢንክስኬፕ ይህ የአፍታ ሥራ ነው። በአንዳንድ ፎንት ውስጥ የአንድ ፊደል ክፍሎች ተደራርበው ስለሚገኙ መጀመሪያ ማዋሃድ ያስፈልጋል፤ ካልተዋሃዱ ሶፍትዌሩ ተደራራቢውን መስመር ሁሉ እንደ ዳር ይቆጥረውና በፊደሉ መሃል ያልታሰበ ጭረት ይተዋል።

ሐረጉን በተመለከተ፣ ከስልክ የመጣውን ፎቶግራፍ በራሱ ወደ ቬክተር የሚቀይረው መሣሪያ በቪካርቭ ውስጥ አለ። ይሠራል፤ ውጤቱ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች የሞሉበት፣ ዳሩ የተሸራረፈ መስመር ነው፤ ማሽኑም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱም ላይ ይታያል። ሐረግ በባሕሪው የሚደጋገም ጌጥ ስለሆነ አንዱን ክፍል በጥንቃቄ ስሎ፣ በመስተዋት ገልብጦ፣ በሰሌዳው ዙሪያ መደርደር ከሁሉም ይሻላል። በቪካርቭ ይህን ለለመደ እጅ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በፊውዥን ግን እንዲህ ያለ ብዙ ኩርባ ያለበት ሥዕል ሲገባ ሶፍትዌሩ መከበድ ይጀምራል፤ እያንዳንዱን መስመር በምሕንድስና ግንኙነት ለማሰር የተሠራ ነውና ለሐረግና ለፊደል የሚስማማ እጅ የለውም። የቪ ቀረጻ ትእዛዝ አለው፣ ይቀርጻልም፤ ነገር ግን በቪካርቭ በአንድ መስኮት የሚያልቀው ሥራ በፊውዥን በርካታ ደረጃዎች ይጠይቃል።

ስሪዲው ጌጥ ላይ ስንደርስ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበትን ነገር እናገኛለን። ከቬክትሪክ ምርቶች ውድ የሆነው አስፓየር ሲሆን ዋጋው ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ቪካርቭ ፕሮ የዚያን ሲሶ ያህል ነው፤ ቪካርቭ ዴስክቶፕ ደግሞ የፕሮን ግማሽ ያህል። በአስፓየርና በፕሮ መካከል ያለው ዋና ልዩነት አስፓየር ጎልቶ የሚወጣ ቅርጽን ከመሠረቱ መፍጠርና መቅረጽ መቻሉ ነው። ፕሮ ግን ከውጭ የተዘጋጀ የስሪዲ ሞዴል በኤስቲኤል ፋይል አስገብቶ ቱልፓዝ ያሰላለታል። አብዛኛው ሥራ ቤት የሚጠቀመው ደግሞ የተዘጋጀ ሞዴል ነው። የራሱን ቅርጽ ከባዶ የሚፈጥር፣ ለዚህም የተቀመጠ ዲዛይነር ያለው ካልሆነ በቀር፣ ለአስፓየር የሚከፈለውን ትርፍ ገንዘብ በቢትና በአቧራ መሳቢያ ላይ ማዋል የተሻለ ነው እላለሁ።

የስሪዲ ሥራ የሚበላው ሌላው ነገር ጊዜ ነው፤ ይህን ለደንበኛ ዋጋ ከመንገር በፊት ማስላት ያስፈልጋል። ጫፉ ክብ በሆነ የ6 ሚሊ ሜትር ቢት፣ በአንዱ ምልልስና በቀጣዩ መካከል 0.6 ሚሊ ሜትር ርቀት ተይዞ፣ 400 በ400 የሆነው ጌጥ 667 ያህል ምልልስ ይፈልጋል። ይህም ሲደመር 267 ሜትር መንገድ ነው። በደቂቃ 3 ሜትር ቢሄድ 89 ደቂቃ ይፈጃል። ጥራቱ እንዲጨምር ርቀቱ ወደ 0.3 ቢወርድ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ይህ የማጠናቀቂያው ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ትርፍ እንጨቱን የሚያነሣው ሸካራ ቁርጥ አለ። ደግሞም ማሽኑ በእያንዳንዱ ዳር ቆሞ ስለሚመለስ የታዘዘውን ፍጥነት ሁልጊዜ አይደርስበትም። ቪካርቭ የሚሰጠውን የጊዜ ግምት በማሽኑ እውነተኛ አሠራር ልክ የሚያስተካክሉበት ማባዣ ቁጥር አለው፤ ጥቂት ሥራዎችን በሰዓት ለክቶ ይህን ቁጥር ያስተካከለ ባለሙያ ለደንበኛው የሚናገረው ቀን የሚታመን ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት የሚስተካከለውን ለብርጭቆ ወረቀት ትቶ በ0.6 መሥራት ለበር በቂ ነው።

ዴስክቶፕ የሚባለው የቪካርቭ ርካሽ እትም በዋጋው ያጓጓል። ችግሩ ሊሠራበት የሚችለው የሥራ ስፋት 25 በ25 ኢንች፣ ማለትም 635 በ635 ሚሊ ሜትር፣ መሆኑ ነው። የእኛ በር ርዝመቱ 2100 ነው። ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ማሽን ይዞ ሜዳሊያ፣ ትንንሽ መስቀልና የጠረጴዛ ላይ ስም ለሚሠራ ዴስክቶፕ ይበቃዋል፤ የ1300 በ2500 ማሽን ባለቤት ግን ፕሮን ነው ማሰብ ያለበት። በፕሮ ውስጥ ያለው ሌላው ጥቅም ኔስቲንግ ነው። የካቢኔቱን ቁርጥራጮች በ1220 በ2440 ሰሌዳ ላይ ትርፍ እንዳይበዛ አዙሮ አቀማምጦ ይደረድራቸዋል። የኤምዲኤፍ ዋጋ ባለበት ሁኔታ በየጥቂት ሥራው አንድ ሰሌዳ ማዳን ሶፍትዌሩ ዋጋውን የሚመልስበት ዋና መንገድ ነው። የውስጥ ማዕዘን ላይ ቢቱ ክብ ስለሆነ የሚተወውን ጥግ የሚያነሣው ትንሽ ቀዳዳም በአንድ ጠቅታ ይጨመራል፤ መደርደሪያው ገብሩ (የሚሰካበት ቦይ) ውስጥ ሳይታገል እንዲገባ የሚያደርገው ይህ ነው።

አሁን ፊውዥንን በሚገባው ቦታ ላይ እናስቀምጠው። በሱቅ 18 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ በካሊፐር ሲለካ 17.6 ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጭነት ደግሞ 18.2። በፊውዥን የሰሌዳውን ውፍረት አንድ ስም ሰጥቶ ሙሉውን ቁም ሳጥን በዚያ ላይ ማሰር ይቻላል። ውፍረቱ ሲለወጥ አንዱን ቁጥር መቀየር ብቻ በቂ ነው፤ ገብሩ፣ የማጠፊያው ቦታ፣ የመሳቢያው ስፋት፣ ቱልፓዙም ሳይቀር አብረው ይስተካከላሉ። በጠንካራ እንጨት ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ሲወጣ ቢቱ ላይ የሚያርፈው ጫና እኩል እንዲሆን አድርጎ መንገድ የሚያሰላበት ስልትም አለው፤ ቀጭን ቢት የሚሰበረው ማዕዘን ውስጥ ገብቶ በድንገት ጫናው ሲጨምር ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ወንበር፣ መገጣጠሚያ ያለው ዕቃና የማሽን ማያዣ ለሚነድፍ ሰው ፊውዥንን ከልቤ እመክራለሁ።

በነጻ የሚሰጠው የግል መጠቀሚያ ፈቃዱ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለንግድ አይደለም፤ በዓመት ከዚህ ሥራ የሚገኘው ገቢ ከ1,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ወዲህ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊታረሙ የሚችሉት ፋይሎች 10 ብቻ ሆነዋል፤ ፈጣን እንቅስቃሴም ተወስዷል። ይህም ማለት ቢቱ ከእንጨቱ በላይ ሆኖ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሲሻገር እንኳ በመቁረጫ ፍጥነት ይጓዛል። በትንሽ ሥራ አይታወቅም፤ ሁለት ሜትር በሚያልፍ በር ላይ፣ ብዙ መነሣትና መውረድ ባለበት ጽሑፍ ላይ ግን ጊዜው ይደመራል። ቢት በራሱ የመቀየር ትእዛዝም የለውም፤ ቢት በእጅ በሚቀየርበት ማሽን ላይ ግን ይህ ጉዳት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቢት የተለየ ፋይል ማውጣት እንዲያውም ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይመረጣል፤ የት እንደቆመ ለማወቅና ከዚያ ለመቀጠል ይቀላል። ሌላው የፊውዥን ጉዳይ ሥራው በደመና ላይ መቀመጡ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ለሁለት ሳምንት ያህል ነው። ቪካርቭ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። በቢሮ ሳይሆን በሥራ ቤት ውስጥ ለሚኖር ኮምፒውተር ይህ ከብዙ ገጽታ ይበልጣል።

ፍሪካድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ወደ 1.0 እትም ደርሷል፤ ከዚያ በፊት አንድ መስመር ሲለወጥ ሞዴሉ የሚፈራርስበት የቆየ ችግሩም በዚህ እትም በብዙ ተሻሽሏል። ነጻ ነው፤ ነጻነቱም የጊዜ ገደብ፣ የገቢ ገደብና የመመዝገብ ግዴታ የሌለበት ነው። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ይሠራል። የካቢኔት ገብር፣ ቀዳዳ፣ ጉድጓድና የዙሪያ ቁርጥ ለማውጣት ይበቃል፤ ከፊውዥን ጋር የሚመሳሰለው ቁጥር ለውጦ ሁሉን የማስተካከል ባሕሪም አለው። የበሩ ጽሑፍ ላይ ግን ይደክማል። የቪ ቀረጻ ትእዛዝ ቢኖረውም ብዙ ኩርባ ላለው የግዕዝ ፊደል ስሌቱ ይዘገያል፣ ውጤቱም በእያንዳንዱ ፊደል መፈተሽ አለበት። ገጹም ለአዲስ ሰው ይከብዳል። ሆኖም ለሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ይህን ነው የምመክረው፤ ተማሪው የተማረበትን ሶፍትዌር ያለ ምንም ክፍያ ይዞ ወደ ሥራ ይወጣል፣ ደግሞም የቱልፓዝን ሐሳብ ከሥሩ ያውቃል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ኢዝል በአሳሽ ውስጥ የሚሠራ፣ ለመጀመሪያ ቀን ተማሪ እጅግ ቀላል የሆነ ነው፤ የቪ ቀረጻው ግን በክፍያው እትም ውስጥ ነው፣ ኢንተርኔት ከሌለም ሥራ የለም። ኤስትልካም የሚባለው የጀርመን ሶፍትዌር ዋጋው ዝቅተኛ፣ ገጹ ቀለል ያለ ስለሆነ ብቻውን ለሚሠራ ሰው በትንሽ ማሽን ላይ ጥሩ ነው።

አርትካም ግን ረዘም ያለ ቃል ይገባዋል፤ ከማሽኑ ጋር በፍላሽ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የእሱ የተሰበረ ቅጂ ነውና። አርትካም በእንግሊዝ አገር በዴልካም ኩባንያ የተሠራ ታላቅ ሶፍትዌር ነበር። አውቶዴስክ ዴልካምን እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፤ በ2018 ደግሞ የአርትካምን ሽያጭ አቆመ። ከዚያ በኋላ ካርቪኮ የሚባል ኩባንያ ያንኑ መሠረት ይዞ በራሱ ስም ቀጥሎበታል፤ የአርትካምን ፋይሎችም ይከፍታል። ስለዚህ በአርትካም የለመደ እጅና ብዙ የቆየ ፋይል ያለው ሥራ ቤት ካርቪኮን ቢያይ አይጸጸትም። በፍላሽ የመጣው ቅጂ ግን ሁለት ጉዳት አለው። በመጀመሪያ የሌላ ሰው ድካም ያለ ፈቃድ የተወሰደበት ነው፤ በእጁ ሠርቶ የሚኖር ሰው ይህን ቸል ሊለው አይገባም። ሁለተኛም፣ እርማት የማይደርሰው፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት የሚያስቸግር፣ ለአዲስ መቆጣጠሪያ ፖስት የማይጨመርለት፣ ከቫይረስ ጋር የሚመጣ ሊሆን የሚችል ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ የተበላሸ ዕለት የዓመታት ዲዛይን አብሮ ይቆለፋል።

ክፍያን በተመለከተ በኢትዮጵያ ላለ ገዢ የሚመዝነው ነገር ከውጭው ገዢ ይለያል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በየወሩ ወይም በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር ምን ያህል ብር እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ክፍያው በተቋረጠ ዕለት ደግሞ ሥራው ይቆማል። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ፣ ለቀጣዩ ትልቅ እትም መክፈልም አለመክፈልም የገዢው ፈቃድ የሆነ ሶፍትዌር በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ይመረጣል። ቪካርቭ እንዲህ ነው። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚቀበል ካርድ የሌለው ብዙ ሰው ግዢውን ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ይፈጽማል፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ በዘመዱ ሳይሆን በሥራ ቤቱ ስምና ኢሜይል መመዝገቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እርማትና አዲስ እትም የሚላከው ለተመዘገበው ሰው ነውና።

የቪካርቭን ጉድለት ሳልናገር ባልፍ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። እውነተኛ የስሪዲ ንድፍ አይሠራም፤ ወንበር አይነደፍበትም። የአማርኛ ገጽ የለውም። የሰሌዳው ውፍረት ሲለወጥ፣ ዲዛይኑ በጥንቃቄ ካልተዘጋጀ በቀር፣ ገብሮቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ይጠይቃል። ደግሞም ከእሱ ጋር የሚመጣው የቢቶች ዝርዝር እንደ መነሻ እንጂ እንደ ሕግ መወሰድ የለበትም። ለምሳሌ ባለ ሁለት ስለት የ6 ሚሊ ሜትር ቢት በደቂቃ 18,000 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ስለት 0.15 ሚሊ ሜትር እንዲያነሣ ከተፈለገ ፍጥነቱ በደቂቃ 5,400 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ማሽኑ ያን ካልቻለ መፍትሔው ዙሩን መቀነስ ነው፤ ዙሩ እንዳለ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ከተቀነሰ ቢቱ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይፈትገዋል፣ ይግላል፣ ዳሩንም ያጠቁረዋል። ለዋንዛ፣ ለጽድ፣ ለኤምዲኤፍና ለኮምፔንሳቶ የተለያየ ቁጥር ተፈትኖ በሶፍትዌሩ የቢት ማህደር ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ኦፕሬተሩ ሲለወጥ ዕውቀቱ በዚያ ይቀራል።

ለመወሰን የተዘጋጀ ሰው ይህን ያድርግ። የቪካርቭ ፕሮ የሙከራ እትም የጊዜ ገደብ የለውም፤ የራስን ዲዛይን ቱልፓዝ ለማሽን አያስቀምጥም እንጂ ስሌቱንና ቅድመ እይታውን ሙሉ በሙሉ ያሳያል። ከኩባንያው ጋር የሚመጡት ናሙና ፋይሎች ደግሞ ቱልፓዛቸው ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ከእነርሱ አንዱን ለራስ መቆጣጠሪያ በሚሆነው ፖስት አውጥቶ፣ ስፒንድሉን ከሰሌዳው በላይ ከፍ አድርጎ በአየር ላይ ማስኬድ ይቻላል። ማሽኑ ፋይሉን ከተቀበለ፣ መለኪያውም ልክ ከሆነ፣ በቅርብ የተሠራ አንድ እውነተኛ ትእዛዝ ከነጽሑፉ በሙከራው እትም እንደገና ይሠራ፤ ያው ሥራ በፍሪካድም ይሠራ። ኦፕሬተሩ በሁለቱ የፈጀበት ጊዜ ከተጻፈና በሥራ ቤቱ የሰዓት ዋጋ ከተባዛ፣ ለፕሮ የሚከፈለው ገንዘብ በስንት በር እንደሚመለስ በወረቀቱ ላይ ይታያል።